ድመቴን ይዤው ካምፒንግ ልሂድ ወይስ ቤት ልተወው?

የነብሮ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ወር በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ለሦስት ሌሊት ካምፒንግ ልንወጣ ነው። ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ነው የምናድረው፣ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የጨነቀኝ የድመቴ ነገር ነው። ነብሮ ይባላል፣ አራት ዓመቱ ነው፣ ወንድ ነው ግን ተኮላሽቷል፣ ከትንሽነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ ነው ያደገው። ውጭ ማለት ለሱ በረንዳው ነው። እዛ ቁጭ ብሎ ወፍ ሲያይ ይውላል፣ መንጋጋው እየተንቀጠቀጠ ያቺን ቅጭቅጭ የምትል ድምፅ ሲያሰማ «ይሄ ልጅ እኮ ሜዳ ላይ መሮጥ አምሮታል» እላለሁ።

አንዷ ጓደኛዬ «አምጪው፣ ተፈጥሮው አይደል፣ ደስ ይለዋል» ትለኛለች። ሌላው ደግሞ «ድመት ውሻ አይደለም፣ አንቺን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚወደው» ይላል። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን ትቼው ለመሄድ ልቤ እሺ አላለኝም። ባለፈው አንድ ሌሊት ብቻ ሌላ ቦታ ባድር በሩ ስር ቁጭ ብሎ ሲጮህ አደረ ብላ ጎረቤቴ ነገረችኝ፣ አንጀቴን በላው።

ጸባዩን ልንገራችሁ። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ስር ይገባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል። መኪና ውስጥ የገባው ሐኪም ጋ ስወስደው ብቻ ነው፣ ያኔም መንገዱን ሙሉ ይጮሃል። ማሰሪያ ምናምን አድርጎ አያውቅም።

ከናንተ መሀል ድመት ይዞ ድንኳን ውስጥ ያደረ አለ? ማታ የት ነው የሚተኛው? የሚጸዳዳበት አሸዋስ እንዴት ይሆናል? ቢያመልጠኝስ? «አሪፍ ነው ውሰጂው» ብቻ አትበሉኝ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ድንኳንና ድመት፦

ሰላም እህቴ። እኔ ድመቴን ይዤ መውጣት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ስለዚህ ይቻላል። ግን የኔዋ የጀመረችው በአምስት ወሯ ነው፣ ያውም መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዛ ለአንድ ሰዓት ሜዳ ላይ፣ ከዛ ለግማሽ ቀን፣ ማደር የመጣው ከብዙ ወር በኋላ ነው። ድመት አዲስ ነገርን ከምንም ጊዜ በላይ በቀላሉ የሚቀበለው ከተወለደ ከ2 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ካደገም በኋላ ይለምዳል፣ ነገር ግን በራሱ ፍጥነት እንጂ በኛ ፕሮግራም አይደለም። አንድ ወር ላንቺ ብዙ ይመስልሻል፣ አራት ዓመት ሙሉ በረንዳ ብቻ ለሚያውቅ ድመት ግን አጭር ነው።

ጓደኛሽ «ቤቱን ነው የሚወደው» ያለው ነገር ግማሹ ልክ ነው። አንቺንም ይወድሻል። ግን ደህና ነኝ ብሎ የሚያምነው የራሱን ሽታ በሚያገኝበት ቦታ ነው። ጉንጩን ሶፋው ላይ፣ የበሩ ጠርዝ ላይ፣ እግርሽ ላይ ሲያሻሽ አይተሽው የለ? ሽታውን እየለጠፈ ነው። ሐይቅ ዳር ስትደርሱ እሱን እሱን የሚሸት አንድም ነገር አይኖርም፣ ስለዚህ ሽታውን ይዘሽለት መሄድ አለብሽ። አንድ ሁለት ሳምንት የተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቢ መያዣ ሳጥኑ ውስጥ አንጥፊለት። አሸዋውንም ሙሉ በሙሉ አዲስ አታድርጊው፣ ቤት ከሚጠቀምበት ላይ ትንሽ ቀላቅይበት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ንጹህ ላድርግላት ብዬ አዲስ አሸዋ በአዲስ ሳህን ይዤላት ሄጄ፣ ሽንቷን ይዛ ነው የዋለችው። ማታ አሮጌውን ምንጣፏን ሳህኑ ስር ሳነጥፍላት ወዲያው ገባች።

ስለ ማሰሪያው በደንብ ስሚኝ። አንገቱ ላይ ገመድ አታስሪበት። ሲደነግጥ ወይ ጉሮሮውን ያንቀዋል ወይ አሹልኮት ይወጣል። የምትፈልጊው ደረቱንና ሆዱን የሚይዘውን፣ እንደ ሰደሪያ የሚለበሰውን ሃርነስ ነው። በጨርቁና በሰውነቱ መሀል ሁለት ጣትሽ ብቻ መግባት አለበት። የመጀመሪያ ቀን ስታለብሺው በጎኑ ዘጭ ብሎ ይወድቅና መራመድ ያቃተው ይመስላል፣ አትደንግጪ፣ ብዙዎቹ እንደዛ ያደርጋሉ። የሚወደውን ነገር አቅምሺው፣ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ አውልቂለት፣ በማግስቱ ትንሽ ጨምሪ። እና ይሄን አትርሺ፣ ድመት ከሃርነስ የሚያመልጠው ወደፊት በመሳብ ሳይሆን ወደኋላ በመሸሽ ነው። ፊት ለፊቱ ቆመሽ ገመዱን ስትስቢ ጭንቅላቱን ዝቅ፣ ክርኑን እጥፍ አድርጎ ሹልክ ይላል፣ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ስለዚህ ሲፈራ አትሳቢው፣ አንቺ ወደሱ ሂጂ። ገመዱን ደግሞ ዛፍ ላይ አስረሽ ትተሽው አትሂጂ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ይጠላለፋል፣ ውሻ ቢመጣበት መሸሻ የለውም፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቶ ቢዘል ደግሞ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ማታ የት ይተኛል ላልሽው፣ የኔዋ ሳጥኗ ክፍት ሆኖ ራስጌዬ ይቀመጣል፣ አንዳንዴ እዛ አንዳንዴ ስሊፒንግ ባጌ ውስጥ ጉልበቴ ስር ትተኛለች። ግን አንድ ነገር ላሳይሽ። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ጉዟችን ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲነካኝ ነቃሁ። የድንኳኑ ዚፕ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል። እሷ አፍንጫዋን ክፍተቱ ውስጥ ከታ ዝም ብላ እየገፋች ነው፣ በገፋች ቁጥር ዚፑ ጥርስ በጥርስ ይላቀቃል። የቀኝና የግራ ዚፕ ተገናኝተው ሲዘጉ መሀላቸው ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል፣ ለሷ ያ በቂ ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ ሁለቱን የዚፕ እጀታዎች በቁልፍ ማንጠልጠያ ቀለበት አያይዤ ነው የምተኛው። የድንኳኑ መረብም እንዳያታልልሽ፣ ጥፍሩን ካሳረፈበት ይተረተራል።

ሌሊት ፈላጊ፦

እኔ አትውሰጂው ነው የምልሽ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

የኔ ዳማ ሃርነስ ለምዶ ነበር። መኪናም ለምዶ ነበር። ሦስት ጊዜ ይዤው ወጥቼ በሰላም ተመልሰናል። በአራተኛው ጊዜ፣ ሁለተኛው ሌሊት ላይ፣ ሃርነሱ ብብቱ ስር ፈግፍጎት ቀልቶ አየሁና አዘንኩለት። አወለቅኩለት። ድንኳን ውስጥ ነን፣ ዚፑ ዝግ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። ሊነጋጋ ሲል አብሮን የነበረ ልጅ ሽንቱን ሊሸና ተነስቶ ዚፑን ከፈተ። እንቅልፍ ላይ ነው፣ ድመት መኖሩንም ረስቶታል። እኔ የነቃሁት «የሆነ ነገር በእግሬ መሀል አለፈ» ሲል ነው። ሳጥኑን ዳበስኩ፣ ብርድ ልብሱ ገና አልቀዘቀዘም፣ እሱ የለም።

ሦስት ቀን ፈለግኩት። ሌሎቹ ወደ ቤት ተመለሱ፣ እኔና እህቴ ቀረን። ስሙን እየጠራሁ መንገድ ለመንገድ ስንከራተት፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ፎቶውን ሳሳይ፣ በቀን ስንት ኪሎሜትር እንደሄድኩ አላውቅም። የተሳሳትኩት እዛ ላይ ነው። ቤት ያደገ ድመት ሲያመልጥ ሩቅ አይሄድም፣ ይደበቃል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የጠፉ ድመቶች የት የት እንደተገኙ ሲቆጥር፣ ከተገኙት ውስጥ 75 በመቶው ካመለጡበት ቦታ በ500 ሜትር ውስጥ ነበሩ። ደግሞ የፈራ ድመት ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ስሙን ቢጠራው እንኳ ድምፅ አያሰማም። ስላልሰማሽ ወይም ስለረሳሽ አይደለም ዝም የሚለው። ድምፅ ካሰማ አውሬ ያገኘኛል ብሎ ነው።

አራተኛው ሌሊት ላይ ነፋሱ ጸጥ ሲል ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ ድንኳኑ በነበረበት ቦታ በሆዴ ተኛሁ። ብርሃኑን ከመሬት ሳላነሳ ቀስ እያደረግኩ ዙሪያውን አዞርኩት። የድመት ዓይን ከኋላው እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፣ ባትሪ ሲያርፍበት ያበራል። አንድ የወደቀ ግንድ ስር ሁለት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ። በኋላ ቆጥሬዋለሁ፣ ከድንኳኑ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በዛ ግንድ አጠገብ ዳማ ዳማ እያልኩ አልፌያለሁ።

ሮጬ ልይዘው ነበር፣ እህቴ ናት የያዘችኝ። ሮጬበት ቢሆን ዳግም አላገኘውም ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ምግቡን ከፍቼ አጠገቤ አደረግኩ፣ ጠበቅኩ። ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። መጀመሪያ የሰማሁት ቅጠል ኮሽ ሲል ነው፣ ከዛ ጢሙ እጄን ነካኝ። ከስቶ አጥንቱ ይቆጠር ነበር፣ ጆሮው ላይ መዥገር ተጣብቆበታል። ያን ሌሊት ጃኬቴ ውስጥ ይዤው ቁጭ ብዬ ነጋልኝ።

ነብሮ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ስር ይገባል ብለሻል። ሜዳ ላይ አልጋ የለም። የአልጋ ስር የሚሆነውን ቦታ ፍለጋ ነው የሚሮጠው። እኔ በዚህ ጸባዩ አላወጣውም።

የቤት እንስሳት ሐኪም፦

የሁለቱንም አንብቤያለሁ፣ የጻፉትም ትክክል ነው። እኔ በሥራዬ የማያቸውን ነገሮች ልጨምር።

ከሁሉ በፊት ጸረ-መዥገርና ጸረ-ቁንጫ። ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት፣ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ድመት ላይ እንዳታደርጊ። የድመት ጉበት ያንን ኬሚካል እንደ ውሻ ማስወገድ አይችልም። መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዛ ይጥለዋል፣ ካልደረሱለት ይሞታል። ሰዎች «ውሻዬ ላይ ያደረግኩት ትንሽ ተርፎኝ ነበር» እያሉ ይመጣሉ፣ ሁልጊዜ በቅን ልብ ነው የሚያደርጉት። ጓደኛሽ ውሻ ይዞ ከመጣና በዛው ሰሞን ይህን ካደረገበት ነብሮ ከውሻው ጋር ተጠጋግቶ አይተኛ። እጅሽ ላይ የምትቀቢው የትንኝ መከላከያም እንዲሁ ነው፣ እሱ እጅሽን ይልሳል። የሰው ማስታገሻ ደግሞ በጭራሽ፣ ፓራሲታሞል አንዷ ፍሬ ድመት ልትገድል ትችላለች።

ክትባቱን ዛሬውኑ አረጋግጪ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ አንድ ወር የቀረሽ ገና በጊዜ ነው።

ሙቀት። የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ውሻ ሲያለከልክ ልማዱ ነው፣ ድመት አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ግን አደጋ ነው። ወደ ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅ መዳፉና ሆዱ ላይ፣ ከዛ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ውጭው 24 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ሳለ የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 34 አካባቢ ይደርሳል፣ በግማሽ ሰዓት ከ40 ያልፋል። ፀሐይ ላይ የተተከለ ድንኳንም ውስጡ እንደዛው ያፍናል።

አሁን ስለ ነብሮ በተለይ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ወንድ ድመት የሽንት ቱቦው ጠባብ ነው። በጭንቀት የተነሳ ፊኛው ይቆጣል፣ ቱቦው ሊዘጋ ይችላል። አሸዋው ላይ ደጋግሞ ቁጭ ብሎ ሽንት ካልወጣው፣ ወይም እያማጠ ካለቀሰ፣ «ነገ እንየው» የሚባል ነገር አይደለም። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሦስት ሰዓት መንገድ ርቀሽ፣ በሌሊት፣ ይህ ቢደርስ ወዴት እንደምትሄጂ ከመነሳትሽ በፊት ማወቅ አለብሽ። እዛ አካባቢ ያለውን ሐኪም ስልክ ጽፈሽ ያዢ፣ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል ወረቀት ላይ።

ምግብም ልብ በይ። ድመት አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ ለሐኪም ደውይ። ሁለት ሦስት ቀን ከሆነ፣ በተለይ ወፍራም ድመት ከሆነ፣ ስቡ ጉበቱ ላይ እየተከማቸ ይታመማል። ውሃውን ከቤት ያዢለት፣ የሐይቁን አታጠጪው። ለመንገዱ ከመነሳትሽ በፊት ለሦስትና አራት ሰዓት ያህል ምግብ አትስጪው፣ ሳጥኑን በመኪናው ቀበቶ እሰሪው፣ በፎጣ ሸፍኝለት። ጭንቀቱን የሚያረግብ መድኃኒት አለ፣ ግን ሐኪሙ አይቶት ያዘዘለት ይሁን፣ የመጀመሪያውን መጠንም ቤት ሆነሽ ሞክሪው፣ ምን እንደሚያደርገው አይተሽ።

ማይክሮቺፕ ካለው ስልክ ቁጥርሽ የተመዘገበው አሁን የምትጠቀሚበት መሆኑን አረጋግጪ። ብዙ ሰው ቺፑ ድመቱ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ይመስለዋል። አያሳይም። የሩዝ ፍሬ የምታክል ናት፣ ባትሪ የላትም፣ አንድ ሰው አግኝቶት በማንበቢያ መሣሪያ ሲያነበው ብቻ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ጂፒኤስ ያለው የአንገት ማሰሪያ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው የሞባይል ኔትወርክ ይፈልጋል።

ወፍ ወዳድ፦

አጭር ነገር ልጨምር። ሁላችሁም ለድመቱ ነው የተጨነቃችሁት፣ ልክ ናችሁ፣ ግን እዛ ሐይቅ ዳር የሚኖሩም አሉ። ቁጥቋጦ ውስጥ መሬት ላይ የሚጥሉ ወፎች አሉ፣ ጫጩቶቻቸው ገና መብረር አይችሉም። ድመት ደግሞ ጠግቦም ያድናል፣ በተለይ ሊነጋ ሲልና ሊመሽ ሲል። ቢሄድ እንኳ ገመዱ አይለቀቅ። ቦታው የተከለለ ፓርክ ከሆነ ደንቡን ጠይቂ። የቤት እንስሳ ጭራሽ የማያስገቡ አሉ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች እንደዛ ናቸው። አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ በሚፈቀድበት ቦታም ገመዱ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር፣ እንዲበልጥ አይፈቅዱም። ንስርና ጉጉትም እንዳሉ አትርሺ፣ ትንሽ ድመት ሊነጥቁ ይችላሉ።

የነብሮ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ሌሊት ፈላጊ፣ ያንቺን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ስልሳ ሁለት እርምጃ የሚለው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዶክተር፣ የሽንቱን ነገር ጨርሶ አላውቅም ነበር፣ ስለነገሩኝ በጣም አመሰግናለሁ። ክትባቱን ዛሬ አየሁት፣ አንዱ ጊዜው አልፏል፣ ሰኞ ቀጠሮ ይዤለታለሁ።

እስካሁን አልወሰንኩም። ያሰብኩት እንዲህ ነው። ድንኳኑን ሳሎን ውስጥ እተክላለሁ። ሃርነሱን አለማምደዋለሁ። ከዛ በመኪና አጭር አጭር መንገድ እወስደዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሞክሬ እነግራችኋለሁ። የሚመልሰው እሱ ራሱ ይሁን ብያለሁ።

ድንኳንና ድመት፦

እንደዛ ነው ጥሩው። አንድ ነገር ብቻ፣ ድንኳኑን ስትተክይ እሱን አታስገቢው፣ አትጥሪውም። ብርድ ልብሱን ውስጥ አኑሪና ተዪው። ራሱ ፈልጎ ሲገባ ነው የሱ የሚሆነው። መኪናውንም መጀመሪያ ሞተር ሳታስነሺ ጀምሪ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትንሽ በልቶ ይውረድ።

የነብሮ እናት፦

ሁለት ሳምንቱ አለቀ፣ እንዳልኩት መጥቻለሁ። ትንሽ ረጅም ይሆናል።

ድንኳኑ። የመጀመሪያ ቀን ከሶፋው ስር ሆኖ ሲያየው ዋለ። ሁለተኛው ቀን ዙሪያውን አሸተተ፣ እያንዳንዱን ካስማ ማሰሪያ በአፍንጫው ነካ። ሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ውስጥ ገብቶ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝቷል፣ ጉንጩንም የመግቢያው ጨርቅ ላይ ሲያሻሽ አየሁት። ደስታዬን አልችለውም! ከዛ በኋላ አብረን ማደር ጀመርን። አንድ ሌሊት ጥርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሳየው በትክክል እንደተባለው አፍንጫውን ዚፑ መሀል ከቶ እየገፋ ነው። ባይነገረኝ ኖሮ ድመት እንደዛ ያደርጋል ብዬ በሕልሜም አላስብም ነበር። ቀለበቱን በማግስቱ ገዛሁ።

ሃርነሱ። አራት ቀን ዘጭ እያለ ወደቀ። አምስተኛው ቀን ተነስቶ ሄደ፣ ጅራቱ ግን ወደ ታች ነው። አሁን ቤት ውስጥ ለብሶ ይበላል፣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ግቢ ሳወርደው ግን አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ወደኋላ መሸሽ ጀመረ፣ አንዱ እግሩ ወጥቶ ነበር። ወደሱ ሄጄ በጉልበቴ ተንበርክኬ አቀፍኩት፣ ልቡ ድው ድው ሲል እጄ ላይ ይሰማኛል። ያን ቀን ነው በአእምሮዬ ሐይቁ ዳር ያለነውን የቆጠርኩት። ሰባት ሰው ነን፣ ሰባቱም ማታ ማታ ዚፕ ይከፍታል ይዘጋል።

መኪናው። እሱ አልሆነም። ሞተር ሳይነሳ ደህና ነው፣ ይበላል እንኳ። ሞተሩ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ስንሄድ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ሃያ ደቂቃ ላይ አስመለሰው። በሁለተኛውም ቀን በሦስተኛውም እንደዛው። ቤት ገብተን እስኪመሽ ምግብ አልነካም። ሦስት ሰዓት እንዴት አድርጌ ልውሰደው።

ስለዚህ አልወስደውም፣ ቢያንስ አሁን። ለጓደኞቼ ሁለት ሌሊት ብቻ አድሬ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ። ታናሽ እህቴ እኔ ቤት መጥታ ታድራለች፣ እሱ የሚፈራት ዓይነት አይደለችም፣ አልጋ ስር ቢገባ እንኳ ለእሷ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ካሁኑ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ራሷ ምግቡን እየሰጠችው ነው። የሽንቱን ነገር ነግሬያታለሁ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አይታ ትደውልልኛለች። የለበስኩትን ቲሸርት ሳላጥብ ድንኳኑ ውስጥ ትቼለት ነው የምሄደው። የመኪናውን ነገር ደግሞ ዶክተር እንዳሉት ሐኪሙን አማክሬ ቀስ ብዬ እቀጥላለሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመት።

ሌሊት ፈላጊ፦

ጥሩ አደረግሽ እህቴ። እህትሽንም በር ስትከፍት መጀመሪያ እሱ የት እንዳለ እንድታይ ንገሪያት። እንግዳ ሰው ሲጠብቅ ነው ከቤትም የሚያመልጡት።

የነብሮ እናት፦

እነግራታለሁ። በሩ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ እንኳ።

ድንኳንና ድመት፦

አንቺ ካምፒንግ ይዘሽ የምትሄጂው ያንን ድንኳን ነው እንዴ?

የነብሮ እናት፦

አይ፣ ከጓደኛዬ ሌላ እዋሳለሁ። ይሄኛው አሁን የሱ ነው። ይሄን ስጽፍ ራሱ እዛ ውስጥ ተኝቷል፣ አንድ እግሩ በመግቢያው ወጥቶ ይታየኛል።